የአሥራ አራት ቁጥር በር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዋና ነርሷ ዴልፊን
ጓንት ሳትሰጠኝ በፊት ሰጠችኝ ደንቡን፦
«እዚህ ቤት አንቱ ነው፤ ‹ቩ› በይ ለሁሉም፣
ሽንት ላመለጠው፣ ስሙን ለረሳውም።
‹ሳሉ› ለእኩያ ነው፣ ለሠፈር ጓደኛ፤
ልብሱን ላወለቅንለት ‹ቦንዡር› ናት መሸፈኛ።»

አሥራ አራት ቁጥር ሙስዬ ቨራግ አሉ፣
ሩቤ ፋብሪካ ውስጥ ሱፍ ሲነክሩ የዋሉ፤
አርባ ዓመት ያጠቡት ሰማያዊ ቀለም
ከጥፍራቸው ሥር ዛሬም አልወጣም።
ሚስታቸውን አንቱ ብለው የቀበሩ፣
ከውሻቸው ጋር ሳይቀር በአንቱታ የኖሩ።

ለልምምድ የመጣ ኬቨን የሚሉት ልጅ
«ሳሉ፣ አያቴ!» ብሎ ሾርባ ቢሰጥ በእጅ፣
ማንኪያውን አኖሩ፤ ዞሩ ወደ ግድግዳ፣
ጾማቸውን አደሩ እንደ ተከፋ እንግዳ።

ኅዳር ውስጥ ነው እንግዲህ፤ መጋረጃ ስከፍት
«ቦንዡር፣ ሙስዬ ቨራግ» አልኩ እንደ ሌላው ዕለት።
አዩኝ። ደግመው አዩኝ። እንደ ልጅ ሳቁና
«ሳሉ፣ ዜሊ! በረዶውን አየሽው?» አሉና
መስኮቱን ጠቆሙኝ።
በረዶ የለም። ዝናብ ነው።
ጡቡን የሚያጠቁረው የሩቤ ዝናብ ነው።

ዜሊ ማን እንደሆነች አልጠየቅኩም፤ ነገረኝ።
(‹ነገሩኝ› ልል ነበር። እዩት፣ ደንቡ ሲያመልጠኝ!)
ከሰው ማሳ ገብተን ቀይ ሥር ስንሰርቅ
ውሻ ነክሶኝ ኖሯል፤ መንገዱም ሩቅ፤
አዝሎኝ ነበር ያኔ እስከ ቦዩ ድልድይ፣
ጫማዬ አንዱ ወድቆ ከበረዶው ላይ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት እጄን እጀታው ላይ ጥዬ
ሁለት ቃል እመዝናለሁ፣ ከበሩ ተከልዬ።
«ቦንዡር» ካልኩ ይደነግጣል። «ምን በደልኩሽ?» ይላል፤
እህቱ ያኮረፈች፣ የራቀች ይመስለዋል።
«ሳሉ» ካልኩ የሞተች ልጅ ስም ለብሼ
እገባለሁ፣ ያልተወለድኩበት ቤት በር ከፍቼ።
አንዳንድ ቀን ብቻ፣ ዴልፊን ሳትሰማ፣
እለዋለሁ በቀስታ፣ እንደ ሌባ በጨለማ።

እሑድ ይመጣሉ ልጃቸው ጎትዬ፤
ስልሳ ዓመታቸው ነው። ከረባት አጥብቀው፣
የፖም ኬክ በካርቶን፣ በክር የታሰረ።
«ቦንዡር፣ አባቴ። እንዴት ሰነበቱ?»
«ቦንዡር፣ ሙስዬ። ከየት ነው የመጡ?»
ወደ እኔ ዞሮ ግን፦ «ሳሉ፣ ዜሊ፤
ለእንግዳው ወንበር አምጪ፣ ቶሎ በዪ።»

ከሊፍቱ አጠገብ ያዙኝ፣ እጅጌዬን ጎትተው።
«እድሜዬን በሙሉ አንዴ እንኳ ተሳስተው
አንተ ብለውኝ አያውቁም። እርስዎን ሲጠሩ
ያ ቃል ምን ይመስላል? ይንገሩኝ፣ አይፈሩ።»
የሰው ውርስ በኪሴ እንደ ተገኘብኝ
አፈርኩ። መሬት አየሁ። መልስም ጠፋብኝ።
«ቀስ ይላሉ» አልኳቸው፣ «ትንሽም ይስቃሉ።»
ደረጃውን ወረዱ። ሊፍቱን ረስተው ዋሉ።

በቀጣዩ እሑድ ከረባት የለም።
በሩ ላይ ቆም አሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤
እጃቸው ውስጥ የኬኩ ክር እየተጠመጠመ
«ሳሉ» አሉ። «ሳሉ፣ ፓፓ።»
እኔ ትራስ እንደያዝኩ ቀረሁ።

ሽማግሌው ቀና አሉ፤ ቅንድባቸው ተነሣ።
(ግድግዳው ትዝ አለኝ፣ ያ ሾርባ ያልተነካ።)
ዘረጉ እጃቸውን፣ ያን ሰማያዊ ጥፍር፦
«አልተዋወቅንም፣ ሙስዬ። ከማን ጋር ነው የምነጋገር?
እኔ አሺል ቨራግ ነኝ።»
ልጃቸው ዋጥ አድርገው
ተረከዝ አጋጠሙ፣ እንደ ተማሪ ቆመው።
«ጎትዬ ቨራግ።»
«ቨራግ? ቨራግ አሉ?
እንግዲያው ዘመድ ሳንሆን አንቀርም!» አሉ።
«ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።»
ተቀመጡ።
እጅ ግን አልተላቀቀም፤ ኬኩ ሳይፈታ፣
ዝናቡ ጡቡን ሲያጠቁር፣ ሊመሽ ሲል ጸጥታ፣
«ዜሊ» አለኝ፣ «ሦስተኛ ሳህን።»